ከጎማ ሥር የገባው በር

ወሎን ለማየት ብዬ አልሄድኩም። እቅጩን ልናገር፤ የሄድኩት ወንድሜ ይርጋ አልሄድም ስላለ ነው። እናንተ ቢሾፍቱ ቁጭ ብላችሁ "ፍሬ የት ጠፋች?" ስትሉ የከረማችሁ ጎረቤቶቼ፣ መልሱ ይኸው። አብዛኞቻችሁ በዚያ መንገድ እንደማታልፉ አውቃለሁ፤ ከቀበሌያችን ማዶ ያለውን ገበያ እንኳ ሩቅ ነው የምትሉ ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ እንደሄድኩበት፣ ቀን በቀን ላውራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርጋ በጦርነቱ ጊዜ በጭነት መኪናው ለወታደር ስንቅ ያመላልስ ነበር። ከዚያን ጊዜ የቀሩ ፎቶዎች ስልኩ ውስጥ አሉ። ጥላ ሥር የተኙ ወታደሮች፣ መንገድ ዳር የቆመ ታንክ፣ ጣሪያው የተገነጠለ ቤት፣ ግድግዳው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሱቅ። እኔ አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ፎቶ ቤት ስለምሠራ "አምጣ ላጥብልህ" አልኩት። ሲያሳየኝ አንዷን ቶሎ ብሎ በጣቱ አሳለፋት። እኔ ደግሞ የተደበቀ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት።

የሱ መኪና ናት። የኋላ ጎማዋ ግማሽ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ከጎማው ሥር አረንጓዴ የብረት በር ተነጥፏል፤ ቢጫ አበባ የተሳለበት፣ ገና አዲስ። አምስት ወታደሮች ከኋላ ይገፋሉ። ይርጋ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ወደ ካሜራው እያየ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል።

"የማን በር ነው?"

"አላውቅም። ሰዎቹ ሸሽተው ነበር። የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ይደረግ፣ ጦርነት ነበር።"

"ፍሬ፣ እየሳቅኩ ነበርኮ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የደሴ ጭነት ሲመጣለት ወይ ያመዋል፣ ወይ መኪናው ይበላሽበታል። አንድ የወሎ ሹፌር ጓደኛው "የሰው ሀቅ ይዘህ አትክረም፤ ባለቤቱን ፈልገህ አፉ አስብል" ብሎታል። አፉ ማለት ይቅርታ ነው፤ በዚያ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። "ሂድና አስብላ!" እያልኩ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ "አንቺ ሂጂልኝ" አለ። እንግዲህ የተላክሁት ለዚህች ለአንዲት ቃል ነው።

የመጀመሪያው ቀን

አሥራ ስምንት ፎቶ አጠብኩ። ፎቶ ቤታችን ውስጥ ያለው አልበም ግን የሠርግ ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ሽፋኑ ላይ በወርቅማ ቀለም ሁለት ቀለበት የተሳለበት። ምን ቸገረኝ ብዬ ከተትኳቸው። ይህን ስሕተት እስከ አምባሰል ድረስ ተሸክሜዋለሁ።

አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አድሬ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ደሴ የሚመለሱ ደርባባ እናት ናቸው። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ዓይናቸው ጭኔ ላይ ያለው አልበም ላይ ተተከለ።

"ሙሽራ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ?"

"አይደለሁም።"

"አትፈሪ፣ እኔም ልጄን ድሬ መመለሴ ነው። እስኪ ሙሽራውን ልየው።" ከእጄ ወስደው ገለጡት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ታንኩ ነበር። "ውይ በሞትኩት! ይሄ ነው ሙሽራው?"

ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁና "እስኪ እኛም እንየው" አሉ። አልበሙ ከወንበር ወንበር ሄደ። አንዱ "ይሄ ሸዋሮቢት ነው" ሲል፣ ሌላው "ሸዋሮቢት እንዲህ ያለ ተራራ የት አለና! ሐርቡ ነው" ይላል። ረዳቱ ሳይቀር ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያገላብጥ ሹፌሩ "ፎቶውን ተውና ሒሳብ ሰብስብ!" ብሎ ጮኸበት። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለማ ሆነና አልበሜ በማን እጅ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከዋሻው ስንወጣ እናትየዋ ይዘውታል፤ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉት።

ሸዋሮቢት ምሳ በላን። ሙቀቱ እንደኛ የሚያዝያ ቀትር ሁለት ጊዜ ተደርቦ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ላይ ደግሞ ብርዱ በአንድ ጊዜ መጣ። እኛ አገር ከቤት ስትወጣ የለበስከውን ለብሰህ ትገባለህ፤ እዚህ ግን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ለበስኩ፣ ሦስት ጊዜ አወለቅኩ።

ደሴ የያዝኩት አልጋ ቤት በሩ አይቆለፍም። ለባለቤቷ ብነግራት "አብሽሪ፣ ማን ይነካሻል" ብላ በራፌ ላይ ሁለት የለስላሳ ሳጥን ደረደረችልኝ። ሌባ ቢመጣ ሳጥኑን አንስቶ መግባት ይችላል። ግን ሳጥኖቹን ስትደረድር ያደረገችው ጥንቃቄ ደስ ስላለኝ ዝም ብዬ ተኛሁ። ጋቢዋንም ደርባልኛለች።

ሁለተኛው ቀን

ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ሹፌሩ አምባሰል ቅኝት ከፍቶ ነበር። "ደስ ይላል፣ ግን ያስለቅሳል" አልኩት። "አምባሰል ሲዘፈን ነው እንጂ ተራራው ሲወጣ አትወጂውም" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሐይቁን ሳየው ተናደድኩ። የኛን ሐይቆች ታውቋቸዋላችሁ፤ ከላይ ሆናችሁ እንደ ጉድጓድ ውኃ ቁልቁል ነው የምታዩአቸው፣ ለማየትም አንድ ለስላሳ ማዘዝ ግድ ነው። እዚህ ግን ውኃው እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ላም ጠጥታበት ትሄዳለች። አጥር የለ፣ ሆቴል የለ፣ ጠባቂ የለ። "ይሄን ሁሉ ዓመት ተታለልኩ" አልኩ።

ምሳዬን የበላሁት እትዬ ከድጃ የምትባል ሴት ዓሣ ቤት ነው። የተጠበሰው ቆረሶ ከነራሱ መጣ። ዓሣ በእንጀራ ስበላ አይታ "ኧረ በጀሊሉ! በእጅሽ ብይው፣ አጥንቱን እንዳትውጪ" ብላ አጠገቤ ተቀምጣ እሾሁን እየለቀመች አጎረሰችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ።

ለምን እንደመጣሁ ስነግራት አልበሙን ከፈተች። አራተኛው ገጽ ላይ ጩኸቷን ለቀቀችው።

"ወንበሬ!"

ፎቶው ላይ ያለው ታንክና አንድ ወታደር ነው። ወታደሩ የተቀመጠው እግሩ ተሰብሮ በሽቦ በታሰረ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ዓሣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ መጣ። እኔ ፎቶዎቹን ስመርጥ እንዲህ አስብ ነበር፤ ታንኩን ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ ምናልባት ያለቅሳሉ። ታንኩን ማንም አላየውም! አንዱ ከታንኩ ኋላ ያለውን የገለባ ክምር "የኔ ነው" አለ። ሌላው ከወታደሮቹ እግር ሥር የተኛውን ውሻ አውቆት "ቡቺ! አይ ቡቺ፣ እንዲህ ወፍረህ ነበር?" ብሎ ዓይኑን ጠረገ። አንዲት ልጅ የተበሳሳውን ግድግዳ ትታ እላዩ ላይ በከሰል የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ አገኘች። "መልሱን ተሳስቼ ነበር" አለች። ሰው ለካ በፎቶ ውስጥ የሚፈልገው የራሱን ነገር ነው። የወንበሩን ፎቶ ለእትዬ ከድጃ ሰጠኋት፤ ከምግብ ዝርዝሩ ጎን ለጠፈችው።

ከዚያ የበሩን ፎቶ አሳየኋት። ይርጋ ስለ ቦታው የሚያስታውሰው "ከሐይቅ አልፎ ነው" የሚለውን ብቻ ነው።

"ይሄ ሐይቅ አይደለም" አለች። "ከኋላ ያለውን ገደል አየሽው? አምባሰል ነው። የመንደሩን ስም ግን አላውቅም።" ከዚያ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። "ቆይ። ይቺ አበባ... አምስት ቅጠል፣ አንደኛው አጠር ያለ። እንዲህ አድርጎ የሚስል አንድ በያጅ ነው ያለው። ውጫሌ። የእህቴንም በር እሱ ነው የሠራው። ሠርቶ ሲጨርስ አበባውን ካልሳለ አያስረክብም።"

ነገ ውጫሌ እሄዳለሁ ብዬ ከሰዓቱን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግሬ ሄድኩ። መግቢያው ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ "ልጄ፣ ሴት ከዚህ አያልፍም" አሉኝ።

"ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቼ?"

"ወንዱም የሚያልፈው መንገድ ስለመጣ አይደለም።"

"ፎቶስ ያልፋል?"

ፈገግ አሉ። "አምጪ እስኪ።" ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው ገለጡት። በአውቶቡስም በዓሣ ቤትም ካየው ሰው ሁሉ የወታደሮቹን ፊት አንድ በአንድ ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። "ስማቸውን ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። "እንግዲያ ያለ ስም እጸልይላቸዋለሁ፤ እሱ ያውቃቸዋል" ብለው የገዳም ዳቦ ሰጡኝ። ስመለስ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ፊታቸውን እኔም አንድ በአንድ አየሁ። 

ሦስተኛው ቀን

ውጫሌ የበያጁን ቤት ማግኘት ቀላል ነው፤ በሮቹ ሁሉ ከነአበባቸው መንገዱ ላይ ተደግፈዋል። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፎቶውን አየ።

"ይቺ የሀያት በር ናት" አለ ወዲያው። "ከጅዳ በላከችው የመጀመሪያ ደሞዟ ለእናቷ ያሠራችው። ጎማ ሥር ምን ትሠራለች?"

"ረጅም ታሪክ ነው።"

"በሩ ታጥፏል ማለት ነው?" ከፋው። "ማጠፊያውን ደህና አድርጌ ነበርኮ የበየድኩት።"

ሀያት አሁን ተመልሳ አገሯ ነው ያለችው። በያጁ ደወለላትና "ፍሬ የምትባል እንግዳ መጥታልሻለች፣ ወርደሽ ተቀበያት" አላት፤ የበሩን ነገር ራሴ እንድናገር ለምኜው አላነሣባትም። የመንደሯን ስም አልጽፈውም፤ ኋላ ራሳቸው "ስማችንን ከታንክ ጋር አታንሺው" ብለውኛል።

ባጃጁ ደህናው መንገድ እስከሚያልቅበት ወሰደኝ። ከዚያ በላይ የጭነት መኪና እንኳ የሚቸገርበት ጥርጊያ ስለሆነ እግር ነው። የሚኒባሱ ሹፌር ያኔ እንዳልቀለደ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ዳገቱ ላይ ደረቴ እንደ ወናፍ ሆነ፤ አህያ የሚነዱ አሮጊት "በርቺ ሆድዬ" እያሉ አለፉኝ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ጥቁር ጭቃ ነው። አንድ እርምጃ ስራመድ እግሬ መጣ፣ የጫማዬ ሶል ግን እዚያው ቀረ። ቆሜ ስሳደብ ከላይ አንዲት እኩያዬ የምትሆን ልጅ እየሮጠች ወረደች። ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራለች።

"ፍሬ ነሽ? በስኒከር አምባሰል ትወጫለሽ? ወላሂ ጀግና ነሽ!" ከያዘችው ፌስታል የኮንጎ ጫማ አወጣች። "አውቄ ነው ይዤ የመጣሁት። ከከተማ የመጣ ሁሉ ጫማው እዚህች ጭቃ ላይ ይቀራል። መኪና ሳይቀር ቀርቶባታል።"

ይርጋ የቆመባት ጭቃ መሆኗ ነው። ኮንጎውን አጠለቅኩና ተከተልኳት።

ቤታቸው ጥሩ የቆርቆሮ ቤት ነው። መግቢያው ላይ ግን በር የለም፤ የእርዳታ ሸራ ነው የተሰቀለው። ይህን ሁሉ ጊዜ! የሀያት እናት እማማ ዘሀራ ሸራውን ገልጠው ወጡና ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። እኔ መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ።

"እማማ፣ እኔ የመጣሁት..."

"መጀመሪያ እግርሽን ታጠቢ።"

ታጠብኩ። "እማማ፣ የመጣሁበት ጉዳይ..."

"ብይ!"

በዚያ አገር እንግዳ ሳይበላና አንድ ሌሊት ሳያርፍ ለምን መጣህ አይባልም፤ ልናገር ቢል እንኳ አይሰሙትም። እኛ ሰፈር በር ላይ ቆመን "ማን ልበል?" እንደምንለው አይደለም። የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ጎኑ ላይ ቆጭቆጫ የሚሉት የቃሪያ ድልህ፣ ከዚያ እርጎ መጣ። ማሽላው ከጤፍ ይከብዳል፣ ቆጭቆጫው ደግሞ ነፍስ ያወጣል። አንድ ጉርሻ በጎረስኩ ቁጥር በሌለው በር በኩል ነፋስ እየገባ ማጅራቴን ይመታኛል። የወንድሜን ጥፋት በማጅራቴ እየቀመስኩ በላሁ።

ወደ ማምሻው ላይ ከጎረቤት አንዲት ፍየል ዘልላ ጎመን ውስጥ ገባች። እማማ ዘሀራ ወጡ። ፍየሏን አላባረሯትም፤ ቆመው ያናግሯት ጀመር፣ ያውም እየጮኹ።

"አንቺ ፍየል! ጎመኔንም እንደ በሩ ለጌታሽ ልትወስጂለት ነው?"

ከአጥሩ ማዶ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። "ነይ ወዲህ አንቺ ፍየል! እኛ ሌቦች ነን፣ ከጨዋ ግቢ ምን አስገባሽ!"

"ጌታሽን ጥጃው ሞቆታል ወይ በይልኝ!"

"ሞቆታል በያት!"

ፍየሏ ጎመኑን ጨርሳ ሄደች።

ሀያት እየሳቀች አስረዳችኝ። ማዶ ያሉት አያ ደምሴ ናቸው፤ የልጅነት ጎረቤት፣ በፋሲካም በኢድም አብረው የሚበሉ። በጦርነቱ ጊዜ መንደሩ ሁሉ ሲሸሽ እሳቸው ከብቶቻቸውን ይዘው ገደል ሥር ተደብቀው ቀሩ። እነ እማማ ዘሀራ ሲመለሱ በሩ ከቤቱ የለም፤ የአያ ደምሴ ጥጃ ጋጣ ላይ ተገጥሟል።

"እሳቸው 'ጭቃ ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት፣ በመዶሻ አቃናሁት' ይላሉ" አለች ሀያት። "እማዬ 'በር በእግሩ ሄዶ ጭቃ ገባ?' ትላለች። ሰው በተሰበሰበበት ሌባ አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በፍየል ነው የሚነጋገሩት። በያጁ ስንቴ 'ሌላ በር ልሥራልሽ' አላት፣ 'የኔ በር ጎረቤት ቆሞ ሌላ አላስገባም' አለች።"

ወንድሜ የነቀለው አንድ በር ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ የነቀለው ሁለት ቤት ነው። እማማ ዘሀራ አልጋቸውን ለቀውልኝ መሬት ተኙ። በግድ ነው የተኛሁት።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ገንፎ ከበላን በኋላ እማማ ዘሀራ እጃቸውን ጠርገው "እንግዲህ አሁን ተናገሪ" አሉኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። አልበሙን ሰጠኋቸው።

"ልታገቢ ነው?"

"አይደለም እማማ። መጨረሻውን ገጽ ይዩት።"

ገለጡ። ጣታቸው አበባው ላይ ሄዶ ቆመ። "ሀያት፣ ነይ። በርሽ።"

ሀያት ከትከሻቸው በላይ አጎንብሳ አየች። "ከነአበባው!" አለች፤ ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀ።

"ይሄ የሚስቀው ወንድሜ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ፤ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም። "በሩን የነቀለው እሱ ነው። አፉ በሉኝ ብሎ ልኮኛል። ከበሩ ይልቅ መሳቁ ነው የሚያሳፍረው።"

"መሳቁ ምን ይላል?" አሉ። "እኔም ስሸሽ እየሳቅኩ ነው የሸሸሁት። ዶሮዋን በሻርፕ አዝዬያት፣ ኮረብታው ላይ እንቁላል ጣለችብኝ። ጀርባዬ ላይ! ጥይቱ እየጮኸ ከሀያት አክስት ጋር መሬት ላይ ወድቀን ሳቅን።" ፎቶውን እንደገና አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። "ደምሴን ግን ሌባ አልኩት።"

"ታዲያ ለወንድሜ አፉ ይሉታል?"

"አልልም።"

አልበሙን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ።

"አሁን አልልም። በሰው ላይ ሀቅ ይዤ ለሰው አፉ አልልም። ተነሺ፣ ፎቶውን ያዢ።"

በአጥሩ ዙሪያ አልሄዱም፤ ፍየሏ በምትዘልበት ቀዳዳ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አለፉ። እኔና ሀያት ተከተልናቸው። አያ ደምሴ ጋጣው በር ላይ ቆመዋል። አረንጓዴው በር በመዶሻ ብዛት እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ሆኖ ተገጥሟል፤ አበባው ግን አለ።

"ደምሴ" አሉ እማማ ዘሀራ።

ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ፍየሏ ዞሩ፤ ከልማድ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እሳቸው። "አቤት።"

ፎቶውን እኔ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን በክር ጆሯቸው ላይ አስረው አዩት። "እህ" አሉ። "እኔ ያገኘሁት እዚሁ ፎቶው ላይ ካለችው ግራር ሥር ነው። እንዴት እንደገባ ግን እኔም እስካሁን ሲገርመኝ ነበር።"

"አንተስ አቃንተኸው ለምን አላመጣህልኝም?"

"ላመጣልሽ ነበር እኮ። ጥጃውን ለጊዜው ላስገባ ብዬ ገጥሜው ነበር። አንቺ ገና ከስደትሽ ሳትረግጪ ሌባ አልሽኝ። ሌባ ካልሽኝማ ሌባ ልሁን ብዬ ተውኩት። ያልሽኝም በሰው ፊት ነው።"

"አፉም በሰው ፊት እላለሁ። ሀያት፣ ሰው ጥሪ።"

ሀያት ሮጠች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ሞላ። ዱበርቲ የሚሏቸው ዱዓ የሚያደርጉ አሮጊቶችም መጡ። እማማ ዘሀራ መሀል ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ደምሴ ሌባ አይደለም። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዋሽቻለሁ። አፉ በለኝ" አሉ። አያ ደምሴ ራሳቸውን ነቅንቀው "አፉ ብያለሁ። እኔም በእልህ የሰው ዕቃ ይዤ ስለቆየሁ አፉ በይኝ" አሉ። አሮጊቶቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። እኔም በማላውቀው ዱዓ አሚን ስል ድምፄ ከሁሉ በለጠ። ከዚያ አልበሜ እንደ ልማዱ ከእጅ ወደ እጅ ሄደና በአንዱ ፎቶ ላይ ከፈረሰች ቤት ጥግ የአንድ ጎረቤት ጀሪካን ተገኘ።

"አሁንስ?" አልኩ እማማ ዘሀራን። እኔ መታገሥ አላውቅም።

"አሁን ደውዪለት።"

ኔትወርክ ያለው ከግቢው በላይ ባለ አንድ ድንጋይ ላይ ነው። እማማ ዘሀራን ሁለት ሆነን ደግፈን አወጣናቸው፣ አያ ደምሴም ተከትለውን ወጡ። ይርጋ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ። ስልኩን ጮክ የሚያደርገውን ነክቼ ሰጠኋቸው። እማማ ዘሀራ ቢሾፍቱ ድረስ በድምፃቸው ለመድረስ ይመስል ጮኹ።

"አንተ ነህ የምትስቀው?"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ። "አዎ እማማ" አለ በመጨረሻ።

"መኪናህ ከጭቃው ወጣች?"

"ወጣች።"

"እነዚያስ የሚገፉት ልጆች?"

"ያን ቀን ሁላችንም ደህና ወጣን እማማ።"

"እንግዲያ በሩ ሥራውን ሠርቷል። አፉ ብያለሁ። ሀያት፣ አንቺም በዪ፣ የደሞዝሽ ነው።"

"አፉ ብያለሁ" አለች ሀያት። "ግን ቀጥሎ ሰማያዊ ነው የምፈልገው!"

ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ሲያለቅስ ስለ ሥራ ያወራል። "በሩን አሠርቼ እልካለሁ" አለ። "ቁመቱ ስንት ነው?"

"የድሮውን ልመልስላቸው እንጂ!" አሉ አያ ደምሴ።

"ተወው፣ ጥጃው ለምዶታል። ቁመቱ አራት ክንድ ነው፣ ልጄ።"

"ምን አራት ነው ዘሀራ! አራት ተኩል ነው። እኔ አይደለሁ በመዶሻ ያቃናሁት?"

"በመዶሻ ስትደበድበው ረዝሞ ነዋ! የኔ ቤት መግቢያ አራት ነው።"

"የማን ክንድ? ያንቺ ክንድ እንደሆነ አጭር ነው!"

ሁለቱ ድንጋዩ ላይ ቆመው ክንዳቸውን እየዘረጉ ፊት ለፊት ይጯጯሁ ጀመር። ከታች ያለው ሕዝብ ቀና ብሎ ያያል፤ ገሚሱ አራት፣ ገሚሱ አራት ተኩል ይላል። እኔ መዳፌ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ።

"ፍሬ" አለ ይርጋ በስልኩ፣ "የቱን ልያዝ?"

"መጥተህ ራስህ ለካ" አልኩትና ዘጋሁበት።